ፈኑ እዴከ

ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህን ምስክርነት እንደምጽፍ ቃል የገባሁት ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲነጋጋ፣ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ የልጄ ደም ጥፍሬ ሥር ደርቆ ሳለ ነው። እስካሁን ያቆየኝ ሐፍረት ነው። ማመስገን አላሳፈረኝም፤ ከምስጋናው በፊት መናገር ያለብኝ ነገር ስላለ ነው።

32 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል፤ እኔ ባልናገር ጎንደር ትናገርልኛለች። ስለዚህ አባ፣ የቁምስናችን ቆሞስ፣ በየዓመቱ ኅዳር ሲያልቅ ደብተር ያስይዙኛል። ለጌና የሚረዱትን ሰዎች የምመዘግበው እኔ ነኝ። እዚህ ከተማ እኛ ካቶሊኮች ጥቂት ነን። ቅዳሜ ገበያ ላይ የሚያውቀኝ አንድ ነጋዴ «የሱስንዮስ ወገን መጣች» እያለ ይቀልድብኛል፤ ቀልዱ 400 ዓመት ሊሞላው ነው። እኔም አባቱ ያስገባውን ሃይማኖት ያስወጣውን የፋሲልን ግንብ ታክኬ ቅዳሴ እሄዳለሁ። ጎረቤቶቼ ኦርቶዶክስና ሙስሊም ናቸው፤ የሙት ዓመት ሲሆን ሊጤን የሚያቦኩልኝ እነሱ ናቸው። ጥቂት ብንሆንም ደጃችን የሚመጣው ችግረኛ ግን ጥቂት አይደለም፤ ረሃብ ሃይማኖት ጠይቆ አይመጣም።

አባ አንድ አመል አላቸው። ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ስልክ ብዬ አስምሬ ስጨርስ «ሙያ የሚል ጨምሪበት» ይሉኛል።

«አባ፣ 5 ኪሎ ዱቄትና 1 ሊትር ዘይት ለመስጠት ሙያ ምን ያደርግልናል?»

«ሰው የጎደለውን ብቻ ጽፈሽ መዝገብ አትዝጊ።»

በልቤ የወረቀት ብክነት ነው እላለሁ። አሰምራለሁ ግን። ማስመር እወዳለሁ።

ያን ጊዜ እኔና እግዚአብሔር አንነጋገርም ነበር። ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ባለቤቴ በ2014 ኅዳር ላይ ኩላሊቱ ደክሞ ሲተኛ የዘጠኝ ቀን ጸሎት ያዝኩ፤ በዚህችው ከተማ ታስረው የነበሩትን የካቶሊክ ቅዱስ፣ አቡነ ያዕቆብን፣ አማላጅ አድርጌ። በዘጠነኛው ቀን ማታ አረፈ። በአምስተኛው ቢሆን፣ ወይ ሳልጀምር ቢሆን፣ እችለው ነበር። ልክ ዘጠነኛው ስሞላ! ከቀብር መልስ መቁጠሪያዬን ከትራሴ ሥር አወጣሁና ባዶ የበርበሬ ጣሳ ውስጥ ከትቼ ከደንኩት። «አንተ» አልኩት፣ «ሦስት ካህናትህ እዚሁ ጎንደር በድንጋይ ሲወገሩ ዝም ያልክ ነህ፤ የእኔ ባል ምንህ ነው?» አባ በስብከታቸው የሚያነሷቸውን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1716 የተገደሉትን ፍራንሲስካውያን ማለቴ ነው። ቅዳሴ አልቀረሁም፤ ቀርቼ ምን ልባል። ግን የማስቀድሰው በአፌ ብቻ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ2016 ችግሩ ሌላ ነበር። ከ2015 ሐምሌ ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው፤ ማታ ሰዓት እላፊ አለ፤ የስልክ ኢንተርኔት ተዘግቷል። ሀገረ ስብከታችን ያለው ባሕር ዳር ነው፤ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋል። ስለዚህ የጌናው እርዳታ ከራሳችን ምእመናን ኪስ ብቻ ነበር የሚወጣው። ዱቄቱን ከአራዳ በጋሪ ያመጡት ወጣቶቻችን ናቸው፤ እግዚአብሔር ጉልበታቸውን ይባርክ።

ምዝገባው ታኅሣሥ 14፣ በብርሃን እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ዲያቆኑ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» ብሎ የሰበከው ምስባክ ገና ጆሮዬ ላይ ነው። 61 ሰው መዘገብኩ። ደብተሩን ልከድን ስል አንዲት ሴት መጣች። የሱዳን ቶብ ለብሳለች፤ እጇ እስከ አንጓዋ ሂና ነው። ካርቱም ትኖር ነበር፤ ሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ሲነሳ በመተማ በኩል ነፍሷን አውጥታ የመጣች ናት።

«ሙያ?» አልኳት።

«አዋላጅ ነርስ ነኝ።»

«ካርቱም በዚሁ ነበር የምትሠሪው?»

«የለም። ካርቱም ሻይ እሸጥ ነበር።»

«የምስክር ወረቀትሽስ?»

«እዚያው ቀረ።»

ጻፍኩላት። ዞር ስትል ግን ቀይ እስኪርቢቶ አነሳሁና ስሟን ሰረዝኩት፤ ጎኑ ላይ «ይጣራ» ብዬ ጻፍኩ። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል፤ ማንም አያጣራውም ማለት ናት። ለምን አደረግሁት? ሂናዋን አይቼ ነው። የተቸገረ ሰው እንዲህ አይቆነጅም አልኩ። «በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው» የሚለውን ወንጌል ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ማደሪያው ውስጥ መዝገብ ይዛ የተቀመጠችው እኔ ልሆን እንደምችል ግን አስቤ አላውቅም።

ቀዩ መስመር በስሟ ላይ ብቻ ነው ያለፈው። ስልኳንና ሙያዋን አልነካም።

ታኅሣሥ 23 ማክሰኞ ነበር። ልጄ የመጀመሪያዋን አርግዛ እኔ ዘንድ ነበረች፤ ባሏ ባሕር ዳር ለሥራ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበታል። ቀኗ ገና ጥር አጋማሽ ነው ተብለን ስለነበር የገንፎው እህል እንኳ አልተፈጨም። ማታ 3 ሰዓት ላይ ከመደብ ስትነሳ ሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ወዲያው አልኩ እንጂ በመሐሉ ጊዜ ይኑር አይኑር አላስታውስም፤ በእኔ ልብ ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው።

ደወልኩ። አምቡላንስ የተባለው ቦታ ያነሳው ሰው በትሕትና «መኪና አለ፤ ማታ ግን መውጣት አልተፈቀደልንም፤ እስኪነጋ ታገሡ» አለኝ። ምጥ ታገሥ ሲባል ይታገሣል? ባጃጅ ለሚነዳው ለክርስትና ልጄ ደወልኩ። ስልኩ ላይ አለቀሰ፤ «እትየ፣ ከበር ሳልወጣ ይመቱኛል» አለ። እውነቱን ነው። ከአዘዞ በኩል ተኩስ ይሰማ ነበር፤ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ኋላ እንደሚቆላ ሽምብራ። ጎረቤቴ በአጥር ተሻግራ መጣች፤ ጧፍ ለኮሰችና የልጄን ወገብ ይዛ «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ጀመረች። ልጄ አንድ ጊዜ እጄን ትይዛለች፤ አንድ ጊዜ ትነክሰኛለች። 5 ሰዓት ሲሆን ምጡ ዕረፍት አጣ።

«እማ፣ ልሞት ነው መሰል» አለችኝ።

ጸሎት ፈለግሁ። ሁለት ዓመት የተዘጋ አፍ በአንድ ሌሊት ይከፈታል? «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀመርኩና መሐሉ ጠፋብኝ፤ የኔታ ፊት እንደቆመች ልጅ። የመጣልኝ በስብከት እሑድ የተዜመው ምስባክ ብቻ ነበር፤ «ፈኑ እዴከ እምአርያም፣ አድኅነኒ ወባልሐኒ እምማይ ብዙኅ»። እጅህን ከአርያም ላክ፤ ከብዙ ውሃ አድነኝ። ወለሉ ላይ የልጄ ውሃ ፈሷል። ልመና እንዳይመስላችሁ። ቁጣ ነበር። «ላክ እንግዲህ! እጅ ካለህ ላክ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቴ ደንግጣ አማተበች።

መኪና ያለው ሰው ስልክ ይኖር እንደሆን ብዬ ደብተሩን አነሳሁ፤ አርብ ለሚታደለው እርዳታ ቤቴ አምጥቼው ነበር። በጧፍ ብርሃን ሙያ በሚለው ዓምድ ቁልቁል ወረድኩ። ቀን ሠራተኛ። ቀን ሠራተኛ። ግንበኛ። ልብስ አጣቢ። ሸማኔ። ቀን ሠራተኛ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ፣ በዚያ በምኮራበት ጽሕፈቴ፣ «አዋላጅ ነርስ» ይላል።

ወዲያው አልደወልኩም። እዚህ ላይ ነው ሐፍረቴ። ልጄ እየጮኸች፣ እኔ «ምን ብዬ ነው የምደውልላት» እያልኩ ቆምኩ። ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ግማሽ ደቂቃውን ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ለእናንተም ይኸው።

በአንድ ጥሪ አነሳች። «ከቤተ ክርስቲያን ነው፣ የመዝገቧ ሴትዮ» አልኳት።

«እትየ፣ ዱቄቱ በዚህ ሰዓት ነው እንዴ የሚታደለው?»

ነገርኳት። ስለ ደብተሩ አንድም ቃል አልተናገረችም። ስንት ወሯ ነው? ውሃው ጥሩ ነው ወይስ አረንጓዴ? ምጡ በየስንት ደቂቃ ይመጣል? «ውሃ ያፍሉ፤ ያልተፈታ ምላጭና ክር አብረው ይቀቅሉ፤ መጣሁ» ብላ ዘጋች። ቤቷ ከእኛ ኋላ ሦስት አጥር አልፎ መሆኑን አላውቅም ነበር። አድራሻ ስመዘግብ ቀበሌውን ብቻ ጽፌ ነበር። በጓሮ በጓሮ መጣች፤ የጎረቤቴ ልጅ ቆርቆሮውን እያነሳ አሳለፋት። ያ ልጅ 16 ዓመቱ ነው፤ ተኩሱ እንዳለ ነበር። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ፣ የእኔ ጀግና።

ባዶ እግሯን ነበረች፤ ቶቡን ወገቧ ላይ አስራዋለች። እስከ ክርኗ በሳሙና ታጠበች። «ቢስሚላህ» ብላ ተንበረከከች። ጎረቤቴ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች፤ እኔ «ፈኑ እዴከ» እላለሁ። አንዳችን ሌላችንን ዝም በይ አላልንም።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ልጁ ወጣ። አላለቀሰም። ጀርባውን በነጠላ ጨርቅ አሸችው፤ አሁንም ዝም። ደግማ አሸችው፤ እንደ ድመት ግልገል አለ፤ ከዚያ ጮኸ። እትብቱን በሁለት ቦታ አስራ ቆረጠች። እልል ልል አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ። እንግዴ ልጁ ወርዶ ነበር፤ ደሙ ግን አልቆመም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሌሊት አሁንም አላለቀልኝም። ሕፃኑን ጡቷ ላይ አስያዘቻት። ሽንቷን አሸናቻት። ከዚያ እጄን ጨብጣ የልጄ ሆድ ላይ፣ ከእምብርቷ በታች ጫነችው። አንቱታው ቀረ፤ «እዚህ! እሽው! እንደ ኳስ እስኪጠጥር እንዳትለቂው!» አለችኝ። በእጄ ላይ እጇን ደረበች። ያ ሂና ከዓይኔ በታች ነበር። ማህፀኑ ከሥራችን ይጠነክራል፤ ትንሽ ቆይቶ ይላላል፤ ይጠነክራል፤ ይላላል። ሲላላ ሞቅ ያለ ነገር ይወርዳል። ክንዴ ሲዝል እሷ ትተካለች፤ እሷ ሲደክማት እኔ። ልጄ «እማ፣ ቀዝቃዛ ነው» ትለኛለች፤ ያለንን ጋቢ ሁሉ ደረብንባት። ጧፉ አልቆ ሌላ ጧፍ ለኮስን። ከንፈሯ ነጭ ነበር። እንዳትተኛብኝ የልጅነቷን ነገር ሁሉ አወራኋት፤ የጨው ብርጭቆ ውስጥ ስኳር የጨመረችበትን ቀን ሳይቀር። ተኩሱ መቼ እንደቆመ አልሰማሁም።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ባጃጁ በራችን ቆመ። የክርስትና ልጄ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም ነበር። ሆስፒታል ሁለት ከረጢት ደም ሰጧት። ለምትክ ደም የሰጡት ዱቄቱን በጋሪ የገፉት እነዚያው ወጣቶች ናቸው። ሐኪሟ ልጄን አይታ «ማን ነው የያዛት?» ስትል ዞር ብዬ ፈለግኋት። ኮሪደሩ ጥግ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጭንቅላቷን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ተኝታለች። የተኩላን ድምፅ የለመደ እረኛ እንዲህ ነው የሚተኛው፤ ሳምንቱ የኖላዊ፣ የእረኛው፣ ነበር።

አርብ ታኅሣሥ 26 እርዳታው ሲታደል ሰልፍ ላይ አልነበረችም። ድርሻዋን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። በር ከፍታ ዱቄቱን አየችና ፈገግ አለች።

«ተጣራሁ እትየ?»

ያን ዕለት ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ጽሕፈቴን አንብባዋለች። እግሯ ላይ ወደቅሁ። አነሳችኝና ቡና አፈላችልኝ፤ የሱዳን ዝንጅብል ቡና።

ጌና ያን ዓመት 28 ነበር የዋለው። በሰዓት እላፊው ምክንያት ቅዳሴው ከሌሊት ወደ ንጋት ተዛውሮ ነበር። ዋዜማውን ለአባ ተናዘዝኩ። ንስሐዬን ምን አደረጉት መሰላችሁ? ደብተሩን በሙሉ እንደገና እንድገለብጥ፣ 62ቱንም፣ ያለ ቀይ። ሌሊቱን ስጽፍ አደርኩ። መቁጠሪያዬንም ከጣሳው አወጣሁት፤ ስደግም እስካሁን ያስነጥሰኛል። ባሌን ለምን በዘጠነኛው ቀን እንደወሰደው አሁንም አልነገረኝም። ግን እንነጋገራለን።

የትምህርት ማስረጃዋ ምትክ እስኪወጣ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ አባ ደብዳቤ ጻፉ፣ እኔ ተመላለስኩ። አሁን ጤና ጣቢያ ተቀጥራ ትሠራለች። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች።

ባለፈው ታኅሣሥ ስንመዘግብ ከጎኔ ተቀመጠች። እኔ ስም እጽፋለሁ፤ ሙያ የሚለው ላይ ስደርስ ደብተሩን ወደ እሷ አዞራለሁ። አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ሙያቸውን ስትጠይቃቸው «ምንም» አሉ። አልጻፈችም። እስኪርቢቶዋን ይዛ ጠበቀች። ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ተንጫጫ። ሽማግሌው እጃቸውን አዩት፤ አገላበጡት።

«ድሮ ንብ አረባ ነበር» አሉ።