ከቦሌ ዋሽንግተን፦ መሄጃው ሌላ፣ መመለሻው ሌላ

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰዓቱ ግን ሲሄዱና ሲመለሱ አይገናኝም። ስሄድ ከ16 ሰዓት በላይ ፈጀ። ስመለስ 13 ሰዓት እንኳ አልሞላም። በልዩነቱ ናይሮቢ ደርሶ ሻንጣ መቀበል ይቻላል።

ስሄድ አጠገቤ የነበሩት እናት ልጃቸውን ሊያርሱ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄዱ ናቸው። ሌሊቱን ስንበር አድረን ደብሊን አረፍን። ጎማው መሬት ሲነካ ነጠላቸውን አስተካክለው ቦርሳቸውን አቀፉ።

«ደረስን አይደል ልጄ?»

«ገና ነን እማማ። አየርላንድ ነው፤ ነዳጅ ሊቀዳ ነው።»

«ታዲያ ከቦሌ ሞልቶ አይነሳም ነበር?»

ጥያቄያቸው ትልቅ ጥያቄ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ክንፉን እንደልቡ አያነሳውም፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ሰውና ሻንጣ የሞላ አውሮፕላን ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ ከዚያ መነሳት ይከብደዋል። ደለስ ግን 100 ሜትር ከፍታ እንኳ የለውም። ከዚያ የሚነሳው ነዳጁን ሞልቶ በቀጥታ ቦሌ ይገባል።

ደብሊን ዙሪያ ጥምጥም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ራሱ ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ ነው የሚያልፈው። በደብሊን መሄድ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጊዜ የሚበላው መውረዱ፣ መቅዳቱና እንደገና መነሳቱ ነው። እኛም ከወንበራችን ሳንነሳ ነበር የጠበቅነው። እማማ ጫማቸውን አውልቀው ያበጠ እግራቸውን ሲያሹ አንጀቴን በሉት።

ሌላው ምክንያት ነፋሱ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ስንሄድ ፊት ለፊት ይገፋናል፤ ስንመለስ ከኋላ። በመሄጃው አትላንቲክ ላይ ስክሪኑ በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር ብዙም አላለፈም። ስመለስ ያንኑ ውቅያኖስ ስናቋርጥ ከ1,000 በላይ ሲል አየሁት። ዓይኔን ከቁጥሩ መንቀል አቃተኝ።

ነፋሱን ማንም አይቀይረውም። ከፍታው ግን መላ አለው። ለአዲሱ አየር ማረፊያ የተመረጠው የቢሾፍቱ አካባቢ ከቦሌ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል። አየሩ ወፈር ስለሚል አውሮፕላኑ የበለጠ ክብደት ይዞ መነሳት ይችላል። እኔ ከአዲሱ አየር ማረፊያ የምጠብቀው ከሕንጻው ማማር ይልቅ ይህንን ነው፦ ልጃቸውን ለማረስ የሚሄዱ እናቶች ሳያርፉ በቀጥታ ደለስ እንዲገቡ።