አያቴ ሃምሳ ሳንቲምን ለምን ሽልንግ ትል ነበር?

አያቴ ሃምሳ ሳንቲምን እስከ መጨረሻዋ «ሽልንግ» ነበር የምትለው። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ካረፈች በኋላ ከአልጋዋ ስር ሳንቲም የሞላ የወተት ዱቄት ጣሳ ተገኘ። የመለየቱ ሥራ ለእኔ ደረሰ።

መጀመሪያ ምን አደረግኩ? አጠብኳቸው። በሎሚና በጨው ፈትጌ! ጠቆር ያሉት ነሐሶች ሮዝ ሆነው ብቅ አሉ። ደስ ብሎኝ ሳንቲም ለሚሰበስብ ሰው ባሳየው ፊቱ ተቀያየረ። «ዋጋውንም አብረህ አጥበኸዋል» አለኝ።

ቀጥሎ በዓመተ ምሕረት ተሸወድኩ። መሐሏ የተበሳች ባለ 10 ሳንቲም 1936 ትላለች። ጃንሆይ ያሉበት ሃምሳ ሳንቲምም ፲፱፻፴፮ ይላል። እኔ ሆዬ አንድ ላይ ደረደርኳቸው። አንዷ በፈረንጅ፣ ሌላው በእኛ አቆጣጠር መሆኑ የገባኝ በማግስቱ ነው። በሁለቱ መሐል ጣልያን ተባሮ ወጥቷል እኮ!

የተበሳችዋ እንግሊዞች ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቶቻቸው ያወጧት ናት። በማጉያ መነጽር ሳያት የኤድዋርድ 8ኛ ስም አለባት። ሰውየው ዓመት ሳይሞላው ዙፋኑን ስለለቀቀ መልኩ ያለበት ሳንቲም እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ አልዋለም። የተበሳ ሳንቲም ላይ ግን ድሮም ለመልክ ቦታ የለም፤ ዘውድና ስም ይበቃል። ስለዚህ ለቅኝ ግዛቶቹ ተሠርቶ ተላከ። የለንደን ገበያ ያላየውን የአያቴ ጣሳ አየው።

የዚሁ የእንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ገንዘብ፣ ሽልንጉ፣ ወደ እኛ የዘለቀው በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነው። ማርትሬዛ ከሚባለው የኦስትሪያ የብር ሳንቲም ጎን ለጎን ተገበያዩበት። (ማርትሬዛውንም በዚያ ዘመን ለንደን ትሠራው ነበር፤ ላዩ ላይ ግን ሁሌም 1780 ነው።) በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ ብራችን ሲወጣ ምንዛሪው 1 ብር በ2 ሽልንግ ሆነ። ግማሽ ብር ስንት መጣ? አያቴ ልክ ነበረች።

አሁን እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልዬ «የእኛ» ወይም «የፈረንጅ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ከዓመቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ፊደልም አያለሁ፤ «ኤች» ካለች በርሚንግሃም የተሠራ ነው። ከሎሚው ያመለጡ ሦስት ሽልንጎች አሉ። ጥቁር ናቸው፤ አንበሳውና ከኋላው ያለው ተራራ በግድ ነው የሚታዩት። እጄን ሰብስቤያለሁ።