ቅጥቅጡ ተነዳ፤ ግን የማን ነው?

ሰላም ጎበዝ፣ ሞድ (የጌም ማሻሻያ) መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። ለአዲሶች፦ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የሚባለው ጌም ውስጥ ያለውን አውቶቡስ አውጥቼ ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና የሚመላለሰውን ቅጥቅጥ አይሱዙ ለማስገባት ነው የምታገለው። አሁን ይነዳል።

በዚህ ወር ያለፋኝ ጽሑፉ ነው። ቅርጹ ዲኤፍኤፍ ፋይል ውስጥ፣ ቀለሙና ጽሑፉ ደግሞ ቲኤክስዲ ውስጥ ነው ያለው። በግራ ጎኑ «ደብረ ብርሃን» ብዬ የጻፍኩት በቀኝ በኩል እንደ መስታወት ተገልብጦ ወጣ። ለካ ሞዴሉ ለሁለቱም ጎን አንድ ምስል ነው የሚጠቀመው! ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ ቀኙን ለይቼ የራሱን ቦታ ስሰጠው ተስተካከለ። ፊደሉ ከደበዘዘባችሁ ምስሉን ከ256 ወደ 1024 ፒክስል አሳድጉት።

ላካፍላችሁ የፈለግኩት ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ሞዴሉን ከባዶ አልሠራሁትም፤ አንድ የውጭ ሰው የሠራውን አውቶቡስ አውርጄ ነው የቆራረጥኩት። አብሮት የመጣውን ሪድሚ (የማብራሪያ ፋይል) ሳልከፍት በስሜ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። በሳምንቱ አንድ ልጅ በውስጥ መስመር «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ባለቤት አለው» አለኝ። ሪድሚውን ስከፍተው ያለፈቃድ አሻሽሎ መልቀቅ ክልክል ነው ይላል። በጣም አፈርኩ። ወዲያው ፋይሉን አነሳሁና ለሰውየው ጻፍኩለት። በአራተኛው ቀን መለሰልኝ። ስሙ ከላይ እንዲጻፍ፣ ሊንኩ እንዲቀመጥና እንዳይሸጥ ብቻ ጠይቆ ፈቀደልኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ማሰብ የጀመርኩት። ጌሙ የሮክስታር ነው፣ ሞዴሉ የሰውየው፣ ቀለሙ የኔ። ከኋላው ያለው ጥቅስስ? እሱን መናኸሪያ ቆሞ ካየሁት መኪና ላይ ነው የቀዳሁት። ሄጄ ሾፌሩን ጠየቅኩት። «ጻፈው፣ ታርጋዬን ብቻ እንዳታስገባ» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ጌም ቤት ውስጥ የኔው ቅጥቅጥ በፍላሽ ሲሸጥ አገኘሁት። ሪድሚው ጠፍቷል፣ የሰውየውም የኔም ስም የለም። ልጁን አነጋገርኩት። «እኔ ከቴሌግራም በነፃ ነው ያገኘሁት፣ የማስከፍለው ለመጫኛ ነው» አለኝ። የመጫኛው ይገባኛል፤ ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ያደርሳል፣ ጊዜውንም ያጠፋል። ስም መፋቁ ግን ምንም አይቆጥብለትም። «ሞዱ ነፃ፣ መጫኛው በብር» ብሎ እንዲለጥፍ ለመንኩት፣ ሪድሚውንም መለሰው።

ብሩ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የሮክስታር እናት ኩባንያ ቴክ ቱ፣ ኦፕን አይቪ የሚባለውን የሞድ መሣሪያ በሕግ ደብዳቤ አስቁሞት ነበር። ተጫዋቹ ሲጮህ ነው ሮክስታር ለብቻ የሚጫወቱ፣ ለንግድ ያልተሠሩና የሌላውን መብት የማይነኩ የፒሲ ሞዶች በጥቅሉ እንደማይከሰሱ የገለጸው። እንግዲህ የኛ ፍላሽ በየትኛው በኩል እንዳለ እዩት።

ቀጣዩ ሥራዬ የጣርማበር ዋሻ ነው። ለግድግዳው የሚሆን የድንጋይ ምስል ከአንድ ሞድ ውስጥ አግኝቻለሁ፣ ለባለቤቱም ትናንት ማታ ጽፌያለሁ። መልሱ እስኪመጣ ፋይሉን ላኩልን እንዳትሉኝ።