«በሬዎቹን ይፍቷቸው!»

የኔ ዲኤክስ ዋይፐር አመል አለበት። ፀሐይ ሲሆን ይሰራል። ሲያካፋም ቅር አይለውም። የሐምሌ ዶፍ ሲወርድ ግን ፓራብሬዛው ላይ ዘፍ ብሎ ይተኛል።

ጋራዥ ስወስደው ደግሞ ያዋርደኛል። ኤሌክትሪሻኑ ኮፈኑን ከፍቶ እዚህም እዚያም ይነካካል፣ በሃይላንድ ውሃ ያርከፈክፋል፣ ከዚያ «ይሰራል እኮ ወንድሜ!» ብሎ ከላይ እስከታች ያየኛል። መጀመሪያ ፊውዝ ቀየረ። ቀጥሎ ሪሌ። በኋላ «ማብሪያው ተቃጥሏል» አለና ሶማሌ ተራ ላከኝ።

የተጠራብኝን ዋጋ አልነግራችሁም። «ኦሪጅናል ናት» ይለኛል ነጋዴው፤ ከሌላ ዲኤክስ ላይ ተነቅላ እኮ ነው ኦሪጅናል የሆነችው! መኪናውም ያው ነው። በ2012 ዓ.ም አሮጌ መኪና ላይ የኤክሳይዝ ታክስ ተቆለለ፣ በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ፣ ይኸው በዕድሜ የምትበልጠኝ መኪና ዋጋዋ ከደሞዜ ቀድሞ ይጨምራል።

ጉዱ የመጣው ለሽምግልና ስንሄድ ነው። የባለቤቴ አጎት ከጎኔ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አዲስ ጫማ አድርገው። ሜክሲኮ ስንደርስ ዶፉ መጣ፣ ዋይፐሩም ተኛ። «ጋሼ፣ ትንሽ ቆመን እንጠብቅ» ስላቸው «ሽማግሌ አያረፍድም» አሉኝና ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ።

አንዱን በእኔ በኩል ካለው የዋይፐር ክንድ፣ ሌላውን በእሳቸው በኩል ካለው ጋር አሰሩት። መስኮት ከፍተን ጫፍ ጫፉን ያዝን። እኔ ስስብ ወደ ግራ፣ እሳቸው ሲስቡ ወደ ቀኝ። ማሰሪያው ስለሚያጥር ክንዳቸው እስከ ብብታቸው ውጭ ነው። «ሳብ!» ይሉኛል። «ልቀቅ!» ይሉኛል። ቆይተው ሞቅ አላቸውና ሲጮሁ መንገዱ ሁሉ መስማት ጀመረ። ፓራብሬዛው እውነትም ጠራ። ዝናቡ ግን በመስኮቱ ገብቶ ጭናችን ላይ አረፈ።

መብራት ይዞን ስንቆም የጎረቤት ሚኒባስ ወያላ አንገቱን አውጥቶ አየን። አሁንም አየን። ከዚያ፣

«ፋዘር፣ በሬዎቹን ይፍቷቸው እንጂ፣ መሽቷል!»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። ከኋላ አንዷ ስልኳን አወጣች፤ ይኸው ቲክቶክ በከፈትኩ ቁጥር ራሴን እፈልጋለሁ። የሚያንገበግበኝ ቀልዱ ጥሩ መሆኑ ነው። ሌሊት ነቅቼ መልስ እፈልግለታለሁ፣ እስካሁን አልመጣልኝም። ጋሼማ ጭራሽ አልሰሙትም፣ «ሳብ እንጂ!» እያሉኝ ነው። ሽምግልናው ቤት ሲገቡ ማሰሪያ የሌለው ጫማ በየእርምጃው ይወልቃል፣ የልጅቷ አባት ደግሞ ከእግራቸው ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

በማግስቱ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ማብሪያውን ዞር ብሎም አላየው። «አብራው» አለኝና ጆሮውን ወደ ኮፈኑ ጣል አደረገ። ለካ የዋይፐሩ ሞተር ይዞራል! ሞተሩን ከክንዶቹ የሚያገናኘው ዘንግ ላይ ያለች የጣት ጫፍ የምታክል የፕላስቲክ ቡኮላ ተበልታ ነው። ዶፍ ሲመጣ ፍጥነት እጨምራለሁ፣ ዘንጉ ይወልቃል። ኤሌክትሪሻኑ ሲነካካው ደግሞ ተመልሶ ይገባል። ፊውዙም፣ ሪሌውም፣ ማብሪያውም ጤነኛ ነበሩ ማለት ነው።

ደሜ ፈልቶ ደወልኩለት። «ያ ተቃጥሏል ያልከኝ ማብሪያ የታለ?»

«ውይ፣ እሱንማ ለሌላ ደንበኛ ገጠምኩለት። አንደኛ ነው የሚሰራው!»