ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ

ሰሞኑን ቅር ቅር ይለኛል። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ዝናቡም ሊሆን ይችላል። ማታ መብራት ጠፍቶ ስልኬ ላይ ሥዕሎች ሳገላብጥ አሜሪካዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ሆፐር ጋ ደረስኩና እዚያው ቀረሁ።

ሥዕሉ «እሁድ ማለዳ» ይባላል። ሆፐር በ1930 እ.ኤ.አ. የሳለው ነው፤ ዛሬ ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ምን አለው ካላችሁኝ ምንም የለውም። ባለ አንድ ፎቅ ቀይ የጡብ ቤት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል። ታች ሱቆች ናቸው፣ ሁሉም ዝግ። ላይ መስኮቶች አሉ። የአንዱ መጋረጃ ወርዷል፣ የሌላው ግማሽ ድረስ ተነስቷል። መንገዱ ዳር የፀጉር ቤት ምልክት የሆነው ባለ መስመር ዘንግ ቆሟል። ፀሐይዋ ገና ዝቅ ያለች ስለሆነች ጥላው ረዝሞ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሰው የለም። ውሻ እንኳን የለም።

አራብሳ ለምንኖር ሰዎች ሕንፃው እንግዳ አይደለም። የእኛም ኮንዶሚኒየም ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ ነው። መጋረጃዎቻችንም እንዲሁ አንዱ ከአንዱ አይገጥሙም። ጸጥታው ነው የሌለን። እሁድ ማለዳ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይመጣል፣ ከሥሩ ደግሞ የታክሲ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል። ደስ ይለኛል፣ አላማርርም።

ስለ ሥዕሉ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሆፐር መጀመሪያ ላይ ከላይኞቹ መስኮቶች በአንዱ ሰው ስሎ ነበር። ኋላ ላይ በቀለም ሸፈነው።

ጥሩ አደረገ እላለሁ። ያ ሰው እዚያ ቢሆን ኖሮ የምናየው እሱን ብቻ ነበር። ማነው፣ ምን ሆኖ ነው፣ ማንን ይጠብቃል እንል ነበር። ቤቱ የእሱ ማስደገፊያ ሆኖ ይቀር ነበር። አሁን ዓይን የሚያርፍበት ሰው ስለሌለ በሮቹን አንድ በአንድ ያያል። የሱቆቹ መስታወት ላይ ጽሑፍ አለ፣ ግን አይነበብም። የምን ሱቅ እንደሆነ የምንገምተው እኛው ነን። ቀኝ ጥግ ላይ ከጣሪያው በላይ ጠቆር ያለ ነገር ብቅ ብሏል፤ የረጅም ሕንፃ ጎን ይመስላል። 1930 ኤምፓየር ስቴት የሚባለው የኒውዮርክ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ መሠራት የጀመረበት ዓመት ነው። ከተማው ሁሉ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ሆፐር አጭሩን ቤት ተቀምጦ ሳለው። ይሄ ልቤን ነካው።

የእኛን መንገድስ ማን ሳለው?

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ፎቶዎቻችንን ይዘን ነው የወጣነው። ሌሊቱን ያንን የብስኩት ቆርቆሮ አውርጄ በባትሪ አየኋቸው። የታላቄ ሠርግ፣ የጥምቀት ነጭ ልብስ፣ የኔ ምርቃት። ሁሉም ላይ ሰው አለ። መንገዱ በአንድ ሰው ትከሻና በሌላው ጆሮ መካከል ጭል ጭል ይላል። መንገዱን ለብቻው ያነሳ አንድ ሰው የለም። ማንስ ያነሳዋል? ፊልሙ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ለሰው እንጂ ለአጥር አይባክንም።

ስለዚህ በጭንቅላቴ ልስለው ሞከርኩ፣ ሰው ሳላስገባ። ከመግቢያው ስጀምር የእትዬ ዘ. ጉሊት፣ ሽንኩርቱ ሳይኖር፣ ድንጋዩ ብቻ። ከዚያ ልኳንዳው፣ ሥጋ የሚሰቀልበት ባዶ ሜንጦ። ከዚያ ፀጉር ቤቱ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ጋሼ፣ ሲንጀሩ ውጭ በረንዳው ላይ። ከዚያ አንድ በር አለ። ከበሩ ቀጥሎ የኛ ግቢ ሰማያዊ ቆርቆሮ።

ያ በር የምን ነበር?

ጠዋት ለታላቄ ደወልኩ። አረንጓዴ ነው፣ ከሰል ማስቀመጫ ነበር አለችኝ። እማዬ ደግሞ «እዚያ ጋ በር አልነበረም ልጄ፣ የጋሼ ቤት ነው የሚቀጥለው» አለች። እሷ ስትለው ለአፍታ የሌለ መሰለኝ። ሆፐር ከ1913 ጀምሮ በ1967 እስኪሞት ድረስ ኒውዮርክ ዋሽንግተን ስኩዌር ነው የኖረው፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ሰባተኛው ጎዳና ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው። አንድ በር ቢጠፋበት ኮቱን ደርቦ ወጥቶ ያያል። እኔ በሁለት ታክሲ ፒያሳ ብደርስም የማየው ሌላ ነገር ነው። አዲሱ መንገድ ያምራል፣ መብራቱም ያምራል። በሩን ግን አያሳየኝም።

ትንሹ ወንድሜ ከሰዓት በኋላ መለሰልኝ። በሩ ነበረ አለኝ። አንዲት አሮጊት በሩን ገርበብ አድርገው ይቀመጡ ነበር፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቆሎ ይዘግኑልን ነበር አለኝ።

ቆሎው ትዝ አለኝ። ሱፍ ነበረበት። እጃቸውም ትዝ አለኝ፣ አውራ ጣታቸው ላይ የብር ቀለበት ነበር። ፊታቸው ግን አልመጣ አለኝ። ወንድሜም ስማቸውን አያውቅም፣ «እማማ ነበር የምንላቸው» ነው የሚለው።

እናንተ የታችኛው መንገድ ልጆች፣ የእኚያን እማማ ስም የሚያውቅ አለ?