በአቦልና በቶና መካከል

ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ጓሯችን ያሉት የቡና ዛፎች መቅላት ጀምረዋል። ዝናቡ ግን ገና አልለቀቀንም። ቤቱ ተኝቷል። እኔን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ስለ አባዬ እጅ መጻፍ ፈልጌያለሁ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ጅማ መርካቶ ውስጥ አንዲት በረንዳ ላይ፣ ከሲንጀሩ ጋር ከ30 ዓመት በላይ ተቀምጧል። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ሱፍ፣ የዒድ ጀለቢያ፣ የጥምቀት ቀሚስ ሁሉ በእጁ አልፏል። ሰክሮ አይቼው አላውቅም። ይህን የምለው ላሳምርለት አይደለም። ሲንገዳገድም ሆነ እማዬን ክፉ ሲናገራት አላየሁም። ማታ ይገባል፣ ራቱን ይቆነጥራል፣ ይተኛል። ስለዚህ "ጠጪ" የሚለው ቃል ወደ እሱ ሊመጣ እንደሚችል አስቤ አላውቅም። ጠጪ ማለት ለእኔ ማታ ማታ ሰፈር የሚረብሽ ሰው ነበር።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ስካሩን እጠብቅ ነበር። ማየት የነበረብኝ ግን ሳይጠጣ ሲቀር ምን እንደሚሆን ነው።

መጀመሪያ መርፌው ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ጠዋት ጠዋት ክር ማስገባት አቃተው። ረዳቱ ልጅ ያስገባለት ጀመር። "ዓይኔ ደከመ" አለን። በዚህ ዕድሜ ያለ ነው ብለን ተቀበልነው። እኔ ከደሞዜ ቆጥቤ መነጽር ገዛሁለት፤ መርቆ ተቀበለኝ። ልጁ ሁሉም ነገር ከወጣ በኋላ ነው እንዲህ ያለኝ፦ "ከ4 ሰዓት በኋላ እኮ ጋሼ ራሳቸው ናቸው የሚያስገቡት። ያለ መነጽር።" ዓይን ጠዋት ደክሞ ረፋድ ላይ አይበረታም። ችግሩ እጁ ነበር። ከሱቁ ጀርባ ካለችው አረቄ ቤት አንድ ሁለት መለኪያ ካልቀመሰ ጣቶቹ አይታዘዙትም።

ከዚያ ነገሩ ወደ ማለዳ እየገፋ መጣ። እኛ ቤት ቡና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይፈላል። እማዬ አቦሉን ስትቀዳ አባዬ "ይብረድልኝ" ይላል። ስኒው ረከቦቱ ላይ ይቀራል። እሱ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አስገብቶ ጥብቅ ያደርጋቸዋል። ትንሽ ቆይቶ "ጤና አዳም ልቁረጥ" ብሎ ወደ ጓሮ ይወጣል። ይዘገያል። ሲመለስ ቅጠሉን እያኘከ ነው። ቶናው ሲቀዳ በአንድ እጁ ብድግ ያደርገዋል፤ ጠብ አይልም። ፊቱ ይፈታል፣ ጨዋታ ያመጣል፣ ስለ ድሮ ጅማ ያወራናል። እማዬ "አባትሽ አቦል ይከብደዋል" ትለኝ ነበር። ጅማ ተወልዶ፣ ጅማ አድጎ አቦል የሚከብደው ሰው! እኔም አዎ ብዬ ተቀመጥኩ። ከአንድ ዓመት በላይ።

ጓሮ ማገዶው ሥር አንድ ሃይላንድ ነበር። አረቄ ከውሃ አይለይም። ብናየውም አንጠይቅም ነበር።

ምልክቱ ሁሉ ሌላ ስም ነበረው፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ጠዋት ጥርሱን ሲፋቅ ያቅለሸልሸዋል፣ ባዶ ሆዱን ወደ ላይ ይለዋል። "ጨጓራ ነው" አልን፣ ተልባ አፈላንለት። ሌሊት ትራሱ በላብ ይርሳል። ጅማ ነውና ወባ ነው ብለን አስመረመርነው። ወባ የለም ተባለ። ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ዋጠ። እግሩን ያቃጥለዋል፣ ከብርድ ልብስ ውጭ አውጥቶ ይተኛል። "የፔዳሉ ነው" አልን። ጉንጮቹ ሞላ ሞላ ሲሉ ሰው "ተመቸህ" አለው። እጁና እግሩ ግን እየከሱ ነበር።

ምርቃቴ ቀንማ! ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በሌሊት ነው የተነሳነው። ጊቤ ስንደርስ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ከፊት ያለውን የወንበር ብረት ጨምድዶ ይዟል፣ አያናግረንም። ጊቤ በረሃ ነው፣ ሙቀቱ ነው ብለን በጋዜጣ አራገብንለት። ወልቂጤ ለምሳ ወረድን። "ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ" ብሎ ጠፋ። ሲመለስ ሌላ ሰው ነው። ከሾፌሩ ጋር እየሳቀ ገባ። ከዚያ ወዲህ ግን ሩቅ መንገድ አይሄድም። የገዛ እህቱ ልጅ ሰርግ እንኳ "ሥራ በዛብኝ" ብሎ ቀረ። አሁን ሳስበው፣ የሚፈራው መንገዱን ሳይሆን ሳይጠጣ የሚያልፍባቸውን ሰዓታት ነበር።

እንዴት እንደጀመረ በኋላ ራሱ ነገረኝ። በዓል ሲደርስ ትዕዛዝ ይበዛል፣ ሌሊት ይሰፋል፣ ለመንቃት ጫት ይቅማል። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ለጨብሲ ትንሽ አረቄ። በዓሉ ያልፋል፣ ጨብሲው ይቀራል። እዚህ አገር ስንቱ ቤት እንዲህ እንደገባ እግዜር ይወቀው።

አሁን ወደ ፍልሰታው። ይህን መጻፍ ይከብደኛል።

አባዬ ራሱ ነው የወሰነው። "ዘንድሮ ሱባኤ እገባለሁ፤ ሁሉንም እተዋለሁ" አለ። "ሁሉንም" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እማዬ ብቻ ገብቷት ነበር፤ በደስታ አለቀሰች። ሐምሌ 30 ማታ የመጨረሻውን ጠጣ። በማግስቱ ጸበል ቦታ ገባን። ቀኑን ሙሉ እየተንቀጠቀጠ ዋለ። ብርድ መሰለን። ነሐሴ 2 ረፋድ ላይ ቆሞ ሳለ ወደቀ። ዓይኑ ተገለበጠ፣ ጥርሱ ገጠመ፣ መላ ሰውነቱ ተንፈራገጠ። ዙሪያችን ያለው ሰው "ሊለቀው ነው" አለ። እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ጸበሉን ያን ቀን አምኜ ነበር፣ ዛሬም አምናለሁ። ግን ያየነው ሌላ ነገር ነበር።

በማግስቱ ሌሊት ነቅቼ ሳየው ተቀምጧል። በግራ እጁ ሁለት ጣቶች የሌለ መርፌ ይዟል። የቀኙን ጣቶች ወደ አፉ ወስዶ ያርሳል፣ የሌለውን ክር ጫፍ ያሾላል፣ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሊያስገባ ይታገላል። እግሩ ከብርድ ልብሱ ሥር ፔዳል ይረግጣል። "መብራቱን ወዲህ አድርጊው፣ ሙሽራው ቆሞ እየጠበቀ ነው" አለኝ። ስሜን ጠርቶ አይደለም። እኔ መሆኔን አላወቀም። ስነካው እሳት ነው። ልቡ ስትመታ ከሸሚዙ ላይ ትታያለች።

ያተረፉን እዚያ የነበሩ አንድ አባት ናቸው። ግንባሩን ዳሰሱትና "ይጠጣ ነበር?" ብለው ጠየቁ። እማዬ አቀረቀረች። "አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ጸበሉ የትም አይሄድም" አሉን። ጉልበታቸውን ብስም ደስ ይለኛል።

ሐኪም ቤት 9 ቀን ተኛ። ዶክተሯ ኮሪደር ላይ አስቀምጣ አስረዳችን። አልኮል ለአንጎል እንደ ፍሬን ነው አለች። በየቀኑ ፍሬኑ ሲረገጥ አንጎልም ላለመቆም ነዳጅ ይጨምራል። አንድ ቀን ፍሬኑ ድንገት ሲነሳ ነዳጁ እንደተረገጠ ነው፤ መኪናው ይበራል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡና ማቅለሽለሹ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ይመጣል። መጣሉ ብዙውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ነው። መቃዠቱ፣ የሌለ ነገር ማየቱ ደግሞ በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል። ካልታከመ ይገድላል። ጠዋት ጠዋት አባዬን የሚያንቀጠቅጠው የዚሁ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ሌሊቱን ሳይጠጣ ስለሚያድር ነው።

እማዬ "ግሉኮስ አይሰካለትም ወይ?" ብላ ትጨቀጭቅ ነበር። ምግብ ላልበላ ሰው እኛ የምናውቀው ግሉኮስ ነው። ዶክተሯ ግን መጀመሪያ ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ ሰጠችው። ለዓመታት በጠጣ፣ ደህና ባልበላ ሰው ላይ ይህ ቫይታሚን ያልቃል፣ ግሉኮሱ ብቻውን ከቀደመ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል አለችን። ዳያዜፓሙን ደግሞ በየቀኑ እየቀነሰች ሰጠችው፣ ነዳጁ ቀስ ብሎ እንዲወርድ።

ሰፈር ውስጥ "ሀራራ ነው የጣለው" ይላሉ። ቃሉን አልወደድኩትም። ሀራራ ሲባል ሰው የሚያምረውን ነገር አጥቶ የሚቅበዘበዝ ይመስላል። አባዬ ጓሮ የሚወጣው አምሮት ይዞት አልነበረም። ስኒ ለማንሳት ነበር። ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ ሰው ለመምሰል። ደስታውማ ካለፈ ቆይቷል።

ይህን ካወቅኩ ወዲህ ሰው ሲያማክረኝ "ይሰክራል ወይ?" ብዬ አልጠይቅም። ጠዋት እጁ እንዴት ነው እላለሁ። ቁርስ ይበላል? ሳይጠጣ ሙሉ ቀን ውሎ ያውቃል? ሲውልስ ምን ይሆናል? ብዙ ጠጥቶ ምንም የማይመስል ሰው "ጠንካራ ነው" ሲባል ስሰማ ልቤ ይደነግጣል። አባዬም ጠንካራ ይባል ነበር፤ ሰውነቱ ለምዶት ነው እንጂ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ከዛሬ ጀምሮ ቤት ቆልፌ አስተወዋለሁ" አለችኝ ስለ ባሏ። እጇን ያዝኳት። ሐኪም ሳያየው እንዳትቆልፊበት አልኳት። እኛም በፍቅር ነው ልንገድለው የነበረው።

አባዬ ለመስቀል አንድ ቀን ጠጥቷል። ማንም ሳይጠይቀው ማታ ራሱ ነገረን። እማዬ ምንም አላለችም፣ በማግስቱ ይዛው ወደ ዶክተሯ ሄደች። ዛሬ 22ኛ ቀኑ ነው። ሌሊት አሁንም ይነቃል። አንዳንዴ ይነጫነጫል። ሱቅ ሲሄድ በአረቄ ቤቷ በኩል እንዳያልፍ ረዳቱ ልጅ በሌላ መንገድ ይወስደዋል፣ ወሬ እያወራለት።

ዛሬ ጠዋት ቡና ያፈላሁት እኔ ነኝ። አቦሉን ልቀዳ ጀበናውን ሳነሳ ዓይኔ ወደ እጁ ሄደ። በየቀኑ ይሄድብኛል፤ ልተወው ብል አልቻልኩም። ያየኝ አይመስለኝም ነበር።

"እጄን ነው የምታዪው?" አለኝ።

ምላሽ አጣሁ። እማዬ ቄጠማውን ማስተካከል ጀመረች። አባዬ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ረከቦቱ ላይ፣ ከስኒዎቹ አጠገብ አስቀመጠው። ጣቶቹን ከፈታቸው። የሌባ ጣቱ ጫፍ በመርፌ ብዛት ሻክሯል። ትንሿ ጣቱ ትንሽ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች።

"እይው" አለኝ። "በደንብ እይው፤ ከዚያ ቅጂ።"

አየሁት። ከዚያ አቦሉን ቀዳሁለት።