ኅዳር 12 ያላቃጠልነው ቅጠል

አራት ኪሎ በሚገኘው ግቢያችን ብስባሽ ማዘጋጀት የጀመርኩት በሰኔ ነበር። የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን አገዳና የቡና አተላ ክዳን በሌለው በርሜል ውስጥ በየቀኑ እጨምራለሁ። ክረምቱ ሲጠነክር በርሜሉ በዝናብ ተሞላ፤ ያጠራቀምኩት ሁሉ ጥቁር ጭቃ ሆነ። ሽታው አጥር የሚጋሩንን ጎረቤቶች ሳይቀር አስመረረ። በነሐሴ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት።

የጎደለኝ ደረቅ ነገር ነበር። የወጥ ቤት ትራፊ ናይትሮጂን ይበዛበታል፤ ደረቅ ቅጠልና ገለባ ደግሞ ካርቦን። ብስባሹን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ለ1 እጅ ናይትሮጂን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋሉ። ክምሩ ረጥቦ አየር ሲያጣ ቦታውን የሚወርሱት ያን ክፉ ሽታ የሚያመጡት ናቸው።

ደረቅ ቅጠል ከየት ላምጣ ስል ኅዳር 12 ደረሰ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ከፈጀ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ልማዳችን ነው። የግቢው ልጆች የግራቪሊያና የአቮካዶ ቅጠል ከምረው ክብሪት ሲፈልጉ ደረስኩባቸው። በየዓመቱ በጭስ የምንሰደው ለካ እኔ ያጣሁት ነው! በዕድሜ የሁላችን ታላቅ የሆኑት ጎረቤታችን ግን «ኅዳር ሳይታጠን እንዴት ይሆናል?» አሉ።

«እማማ፣ ጥቂቱን ያጭሱበት፤ የቀረውን ለእኔ ይተዉልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። አንድ እቅፍ ቅጠል ከእጣን ጋር አጨሱ። ስድስት ጆንያ ተረፈልኝ።

በርሜሉን ትቼ ከጣውላ ቁርጥራጭ በሁሉም ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ሣጥን ሠራሁ፤ ትንሽ ክምር ሙቀት አይይዝም፣ በኅዳር ብርድማ ጨርሶ። ከሥር ጭራሮ ረበረብኩ፤ ከዚያ ለአንድ ባልዲ የወጥ ቤት ትራፊ ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል። እርጥበቱን በእፍኜ ጨምቄ አያለሁ፦ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ከወጣው ደህና ነው። በስድስተኛው ቀን መሐሉ ላይ የሰካሁትን ፌሮ ስመዘው በእጄ መያዝ አቃተኝ። በዚያ ቀዝቃዛ ጠዋት ክምሩን ስገለብጠው እንፋሎቱ ተነሣ፤ ልጆቹን ጠርቼ አሳየሁ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መገልበጥ ነው። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት አላስገባም፤ አይጥና ውሻ ይጠራሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ለመበስበስ ስለሚዘገይ ለይቼ አስቀርቼዋለሁ። የገናና የጥምቀት ቄጠማ ግን ከየቤቱ ተጠርጎ ወደ ሣጥኑ ገባ።

በመጋቢት በአሸዋ ወንፊት ነፋሁት። ሽታው የዝናብ የነካው አፈር ዓይነት ነው። የመጀመሪያውን ባልዲ ከእማማ ጤና አዳም ሥር አፈሰስኩላቸው።